ጥቁሩ የቀረበት ቦታ

ከዓመታት በፊት ነው፤ የጎጃም መንገድ እንደ ዛሬው ተሳፋሪን ሳያስጨንቅ። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ የተሳፈርንባት ቅጥቅጥ አይሱዙ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምንና ጅጋን በደኅና አልፋ ደምበጫ መግቢያ ላይ ጎማዋ ፈነዳ። ረዳቱ ጎማውን እያንከባለለ ወደ ጎሚስታ ወሰደው። ሾፌሩም «ግማሽ ሰዓት ናት» አለን። የሾፌር ግማሽ ሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነ የአገራችን ተሳፋሪ ጠንቅቆ ያውቃልና ተበታተንን። ግማሹ ቡና ፍለጋ፣ ግማሹ ጥላ ፍለጋ። እኔ ጥላውን ያገኘሁት ከጎሚስታው ቀጥሎ ባለች፣ ዙሪያዋን ቆርቆሮ በሆነች የመኪና ቀለም ቤት ውስጥ ነው።

ውስጥ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። መስታወቱ በጋዜጣ ተሸፍኗል፤ ገላው ግራጫ መነሻ ቀለም ተቀብቷል። ዕድሜው ከአሥራ ሰባት የማይበልጥ ልጅ በዚያ ግራጫ ላይ ጥቁር ቀለም አሳስቶ ይረጭበታል። ሥራው አላማረኝም። ጥቁሩ አንዱን እየሸፈነ ሌላውን እየተወ፣ ልክ የጎጆ ጥላሸት እንደ ነካው ነጭ ጋቢ አስመሰለው።

«ባለቤቱ ጥቁር ነው ያዘዘው?» አልኩ።

ጥግ ላይ በርጩማ ስበው የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቁ። የቤቱ ጌታ እሳቸው ነበሩ። «የለም ልጄ፤ ነጭ ነው ያዘዘ። ይኼ እኮ ቀለም አይደለም፤ ምስክር ነው» አሉኝ።

ልጁ ጥቁሩ እስኪደርቅ ጠበቀና ውኃ የነካ ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ ይፈገፍገው ጀመር። ጥቁሩ ከአብዛኛው ቦታ ወዲያው ለቀቀ። በሩ መሐል ላይ ግን የእንቁላል ያህል የሆነ ጥቁር ነጥብ አልለቅ አለ።

«አየህ? ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ወረቀቱ አልደረሰበትማ። ዓይንህ አላየውም፣ እጅህም ቢዳብሰው አያገኘው። አሁን ነጭ ብረጭበት ዛሬ አይታይም። ነገ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን የፈንጣጣ ጠባሳ መስሎ ቁጭ ይላል።»

እኔ የመኪና ቀለም ማለት መርጨት ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ግን መርጨት ከሥራው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሆንም አሉኝ። መጀመሪያ የተጨፈለቀው ብረት በመዶሻ ይቃናል። ከዚያ ስቱኮ ይለጠፋል፤ እሱም ስስ ሆኖ ነው። በመዶሻ መቃናት የነበረበትን ጉድጓድ በስቱኮ የሚሞላ ሰው፣ መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ ስቱኮው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰንጥቆ ያጋልጠዋል። ስቱኮው በሻካራ ወረቀት፣ ከዚያ በለስላሳ፣ ከዚያ ደግሞ በባሰ ለስላሳ ይፈገፈጋል። መነሻ ቀለም ይረጫል፤ ጥቁሩ ምስክር ይመጣል፤ እንደገና ይፈገፈጋል። መርጫው፣ ልጆቹ «ስፕሬይ» የሚሉት፣ ከተሰቀለበት የሚወርደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

መርጫውንም አውርደው አሳዩኝ። ሦስት ማስተካከያ አለው። አንዱ የሚወጣውን ቀለም ይመጥናል፣ አንዱ ነፋሱን፣ ሦስተኛው ደግሞ ርጭቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ይወስናል። ባለሙያ በቀጥታ መኪና ላይ አይረጭም፤ ካርቶን ላይ ይሞክራል። ርጭቱ መሐሉ ወፍሮ ጫፎቹ ከሳሱ ነፋሱ አንሷል ማለት ነው። መሐሉ ሳስቶ ጫፎቹ ከወፈሩ ነፋሱ በዝቷል። ልክ ሲሆን ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ሞላላ ቅርጽ ይወጣል። ከመኪናው የሚርቀው አንድ ስንዝር ያህል ነው። ከዚያ ከራቀ ቀለሙ በአየር ላይ ደርቆ ይደርስና ይሻክራል። ከቀረበ ይፈስሳል። ቀለሙ ከወፈረ ወይም ነፋሱ አድቅቆ ካልበተነው ደግሞ ገጹ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። እያንዳንዱ ርጭት የቀደመውን ግማሽ መደረብ አለበት።

«ክንድህ እንደ አጫጅ መዞር የለበትም፤ መኪናውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ» አሉኝና ባዶውን መርጫ ይዘው አሳዩኝ። ስድሳውን ያለፈ ሰውነታቸው ከጉልበቱ ሸብረክ ብሎ ከሚኒባሱ አፍንጫ እስከ ጅራቱ ያለ አንድ መንቀጥቀጥ ሄደ። ቅኔ ማሕሌት ውስጥ መቋሚያ የያዘ መሪጌታ ነው የመሰሉኝ።

ክረምትንም አይወዱትም። ኮምፕሬሰሩ እርጥብ አየር ሲያምቅ ውኃ ያጠራቅማል። ያ ውኃ ጠዋት ጠዋት ካልተደፋ ከቀለሙ ጋር ተረጭቶ ገጹን ያበላሸዋል። ቶሎ የሚደርቀው ቀለም ደግሞ ሲተን ብረቱን ስለሚያቀዘቅዘው የክረምቱ እርጥበት ላዩ ላይ ያርፍና ወተት እንደ ፈሰሰበት ያነጣዋል። «ሐምሌ ላይ ባለመኪና ሲያዋክበኝ ሰማዩን አሳየዋለሁ» አሉኝ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ «እንዲህ ያለ ሙያ ይዘው በከተማው የተከበሩ ሰው መሆን አለብዎት» ስላቸው መርጫውን ወደ ቦታው ሰቀሉ። ከዚያ የትዳራቸውን ነገር አጫወቱኝ።

በወጣትነታቸው ሽማግሌ ልከው ነበር። የልጅቱ አባት «ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹም «መኪና ላይ ነው የሚሠራ» አሉ። አልዋሹም። አባትየው ሾፌር መሰላቸውና ፈቀዱ። ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን አማቻቸውን ሊጠይቁ ጋራዥ ቢመጡ፣ አማች መዶሻ ይዞ የመኪና ኮፈን ይቀጠቅጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ አላነጋገሯቸውም። ለሚስታቸው የላኩት መልእክት አጭር ነበር፤ «ለቀጥቃጭ ዳርኩሽ» የሚል።

«ቀጥቃጭ» የምትለዋን ቃል ክብደት ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላውም ቢሆን ባዳ አይደለችም። ብረት የሚቀጠቅጥ ዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ፤ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸክላ የምትሠራ፣ ሸማ የሚሸምን የየራሱ ስድብ ወጣለት። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጭ ይወስዳል። ልጁን ግን አይሰጠውም። በቀጥቃጩ ማረሻ ያመረተውን ጤፍ፣ በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ጋግሮ፣ ሸማኔው የሸመነውን ጋቢ ለብሶ እየበላ ሦስቱንም ያማል።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ይህ ነገር አላስተኛ ብሎኝ መጻሕፍት ሳገላብጥ አንድ ዓመተ ምሕረት ደጋግሞ መጣብኝ፤ 1900።

በ1900 ዓ.ም. ቤዲ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ «ሲድሊ» የምትባል መኪና ከጅቡቲ በኩል በረሃና ዳገት አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሰ። ዳግማዊ ምኒልክም ለአዲስ ነገር ጉጉ ነበሩና ተሳፈሩባት። በዚያው ዓመት፣ በጥር ወር፣ እኚሁ ንጉሠ ነገሥት ባለ ሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪው በብረቱ፣ ሸማኔው በሸማው፣ ሌላውም በየሙያው መሰደቡ አገሪቱን ሠሪ አልባ እንደሚያደርጋት ተናገሩ፤ ተሳዳቢውም እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ። ልብ በሉ። መኪናዋና አዋጁ በአንድ ዓመት ነው የመጡት። ንጉሡ ያቺን መኪና የሚጠግን፣ የሚያቃና፣ የሚቀባ ሰው ከየት እንደሚመጣ አስበው ይሆን? አላውቅም። አገሩ ግን መኪናዋን ሲቀበል አዋጁን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

ሦስተኛም ነገር አለ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ቶሌዶ በምትባል ከተማ ቶማስ ዴቪልቢስ የሚባል ሰው የቀለም መርጫ ሠራ። ነገሩን ከባዶ አልፈጠረውም። አባቱ ዶክተር አለን ዴቪልቢስ የጉሮሮ ሐኪም ነበሩ። የበሽተኞቻቸውን ጉሮሮ በጥጥ ከመንካት ይልቅ መድኃኒቱን እንደ ጉም በትኖ የሚያደርስ ትንሽ መሣሪያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1888 ለዚሁ ሥራ ድርጅት አቋቁመዋል። ልጅየው የአባቱን የጉሮሮ መድኃኒት መርጫ አሳድጎ ለቀለም አዋለው። እንግዲህ ደምበጫ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተሰቀለው መሣሪያ አያቱ የጉሮሮ መድኃኒት ነበር ማለት ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

መርጫው ከመምጣቱ በፊት መኪና እንደ ቤት በር በብሩሽ ነበር የሚቀባው። ቀለሙ ደራርቦ ለመቅባትና ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪናውን በጥቁር ብቻ የሸጠው ለጥቁር ፍቅር ስለያዘው አይደለም። እንደ እሱ ፈጣን ፋብሪካ ሳይቆም እንዲሠራ ቶሎ የሚደርቅ፣ የማያስቸግርና ርካሽ ቀለም ያስፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ዱፖንት «ዱኮ» የሚባለውን በመርጫ የሚረጭ ፈጣን ቀለም ሲያወጣ የሳምንታቱ ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ። ጀነራል ሞተርስም ኦክላንድ የተባለችውን መኪና በሰማያዊ ቀብቶ ለገበያ አቀረባት። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ቀይ፣ አረንጓዴና ብርማ መኪና ሁሉ የዚያ የጉሮሮ ሐኪም መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው።

ወደ እኛ አገር ሙያው ጠንክሮ የገባው ግን በጦርነት ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ መንገድ ቀደደ፤ የጭነት መኪናና ጋራዥ አመጣ። ደምበጫም ይህን በገላዋ ታውቀዋለች። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሸሸው የጣልያን ጦር፣ ከስደተኞች ተመልምሎ የመጣውን ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ ያገኘው ከደምበጫ አጠገብ ወንዝ ዳር ነው። በአንድ በኩል ብረት ለበስ መኪና አለ። በሌላ በኩል ከሱዳን ድንበር ጀምሮ ስንቁን በግመል ጭኖ የመጣ ጦር አለ። በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ጣልያኖቹ ሰብረው ቢያልፉም በቀናት ውስጥ ደምበጫን ለቀቁ። ወር ሳይሞላ ቆይቶ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ጦሩ ሄደ፤ ሙያው ቀረ። ከጣልያኖቹም ብዙ መካኒኮችና ግንበኞች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፤ የእኛም ልጆች እግራቸው ሥር ሆነው ተማሩ። የደምበጫውን ሽማግሌ ያስተማራቸው ሰው ሙያውን የቀዳው ከአንድ ጣልያን እንደሆነ ነግረውኛል። ለዚህ ነው ጋራዥ ስትገቡ ጣልያንኛ የምትሰሙት፤ ባትላሜራ፣ ስቱኮ፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ። ብርጭቆ ወረቀት እንኳ አማርኛ ቢመስልም ጣልያኖቹም «ካርታ ቬትራታ»፣ ማለትም የብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሉት። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ ሲበዛ መኪናው በዛ፤ መኪናው ሲበዛ ግጭቱ፣ ግጭቱ ሲበዛ ደግሞ የመዶሻው ድምፅ በዛ።

አንድ ነገር ግን ያስገርመኛል። ቃሉ ጣልያንኛ ሲሆን ሙያው ትንሽ ክብር ያገኛል። «ባትላሜራ ነኝ» የሚል ሰው ሽማግሌ ቢልክ ቢያንስ እስኪጣራ ድረስ ያደምጡታል። ባትላሜራ ማለት ግን በጣልያንኛ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ማለት ነው! ስድቡን በባዕድ ቃል ቀብተን ነው ያሳለፍነው። ቀለሙ ሲነሳ ያው ቀጥቃጭ ነው። የአይሱዙን የጭነት ሻንሲ ገዝተው፣ በአገር ቤት መዶሻ ግድግዳና ጣሪያ ሠርተው፣ ወንበር ገጥመውና ቀብተው የሕዝብ ማመላለሻ ያደረጉልንንም መኪና «ቅጥቅጥ» አልነው። ከአገር ቤት ሥራ መጠሪያችን የሆነው የስድቡ ሥር ነው።

እስካሁን በዚህ ጎድጓዳ ላይ ስንት ቀለም ተረጨ? ምኒልክ አዋጅ ረጩበት። ደርግ «ሠርቶ አደር» ብሎ አወደሰው፤ ጋዜጣም በስሙ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ «ጥቃቅንና አነስተኛ» ተባለ፤ ብድርና ሼድ ተሰጠው፤ በየኤግዚቢሽኑ ሪባን ተቆረጠለት። አንዱም ቀለም መጥፎ አልነበረም። ግን ከመቀባቱ በፊት ጥቁሩን ረጭቶ ጎድጓዳው የት እንዳለ ያየ ሰው የለም። ልጃችን በሁለተኛ ደረጃ ፈተና ካልቀናው «ቢያንስ ሙያ ይማር» እንላለን። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል ላይ ጥቁሩ ቀርቷል። መኪናችንን ሊያስቀባ የወሰደ ዘመዳችን «ለባለሙያው ስንት ልክፈለው?» ሲል «ለመቀባት ብቻ እንዲህ?» እንላለን። «ብቻ» ላይም ቀርቷል።

አሁን ወደዚያች ወደ ያዛችሁልኝ ነገር ልመለስ።

ሚኒባሱን የሚፈገፍገው ልጅ ያስላል። አፉ ላይ ነጠላ ቁራጭ አስሯል። ሽማግሌውም በመሐል በመሐል ቆም ብለው ትንፋሽ ይስባሉ። «ሌሊት ሌሊት ደረቴ ይዘጋል። ቀን ቀን ደኅና ነኝ» አሉኝ። የዛሬው የሚያብረቀርቅ ቀለም ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ማድረቂያው «አይሶሳያኔት» የሚባል ኬሚካል አለው። ይህ ነገር ሲረጭ ወደ ሳንባ ይገባና አስም ያመጣል። ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣ በኋላ ጥቂት እንኳ ሲነካው ይታፈናል። የነጠላ ቁራጭ አያግደውም። ተራ የአቧራ ጭንብልም አያግደውም። የሚያድነው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብልና ጭሱን ስቦ የሚያስወጣ ክፍል ነው። የእንግሊዝ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መኪና ቀቢዎች በአስም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሠራተኛ ወደ 80 እጥፍ እንደሚበልጥ ይናገራል። ይህ እንግዲህ ጭንብል በሞላበት አገር ነው።

መርጫውም ራሱ ተሻሽሏል። የድሮው ዓይነት ከሚተፋው ቀለም መኪናው ላይ የሚያርፈው ሲሶ ያህሉ ነው፤ የቀረው አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያም ወደ ቀቢው ደረት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ አየር እንዳይበከል ሲባል ብዙ ነፋስ በዝቅተኛ ግፊት የሚጠቀም መርጫ ግዴታ ሆነ። ከአፉ የሚወጣው ግፊት ከ0.7 ባር አይበልጥም፤ ቢያንስ 65 በመቶው ቀለም መኪናው ላይ ያርፋል። ቀለም ይቆጥባል፣ ደረትም ይቆጥባል። ዋጋው ግን የደምበጫውን ቤት የብዙ ቀን ገቢ ይበላል።

እንግዲህ የጉሮሮ ሐኪም ጉሮሮ ሊያድንበት የሠራው መሣሪያ ተመልሶ ጉሮሮ ይዘጋል። የእኛ ሰው ደግሞ «ቀጥቃጭ ዓይኑ ሰው ይበላል» እያለ ይሸሸዋል። ማን ማንን እየበላ እንደሆነ የልጁ ሳል ይናገራል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች የሚኖሩት እነዚህ ሰዎች እስከኖሩ ነው። የኤሌክትሪኩም ቢሆን ሲጋጭ በራሱ አይቃናም።

ማድረግ የሚገባው ሩቅ አይደለም። የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ቀለም መርጨትን ሲያስተምሩ መተንፈሻውን አብረው ያስተምሩ። ሼድ የሚሰጥ ወረዳ ጭስ መሳቢያውን ከቆርቆሮው ጋር ይቁጠረው። እኛ ደንበኞች ደግሞ «አሳንስልኝ» ከማለታችን በፊት ልጁ አፉ ላይ ምን እንዳሰረ እንይ።

ግማሽ ሰዓቷ ሁለት ሰዓት ሞልታ ጥሩንባ ተነፋ። ስሰናበታቸው ልጁ ጎድጓዳውን ሞልቶ ጨርሶ እንደገና ጥቁሩን እየረጨበት ነበር። «አሁንም?» አልኩት። «እስኪጠፋ ነው እንጂ» አለኝ፤ አለና ሳለ።

ቅጥቅጧ ተነሳች። አማኑኤልን ሳንደርስ መንገዱ ሲከፋ መስኮቱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ከረባት ያሰሩ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደረጉ ጎልማሳ መስኮቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ምን ዓይነት ቀጥቃጭ ነው በእግዜር የሠራት!»

እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። በኋላ ግን አፈርኩ፤ ጥቁሩ እኔም ላይ ቀርቷል።